አባይ በረሃ ወዳጅ ለመጠየቅ፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ጎጃም የሚሄድ ሰው አባይ በረሃን የሚያውቀው በመስኮት ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጆሮው ይደፈናል፣ ድልድዩ ጋ ሹራቡን ያወልቃል፣ ደጀን ሲደርስ መልሶ ይለብሳል፤ በቃ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ገደሉ ሥር ባሉት እርከኖች ላይ ግን ሰው አርሶ ይኖራል። እዚያ ወዳጅ ያለው ሰው ለጥየቃ ሲነሳ መኪናው የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ነው፤ የቀረው የእግር ነው። የዚህ ማስታወሻ መድረሻ ከደጀን ቁልቁል ካሉት የቆላ መንደሮች አንዱ ነው፤ ከከተማው ወደ 900 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአስፋልቱም ራቅ ያለ። በዚህ አገር ስለ ፍሬንም፣ ስለ ውሃም፣ ስለ ስጦታም፣ ስለ መነሻ ሰዓትም የሚወስነው ከፍታው ነው።

ከመነሳት በፊት

መጀመሪያ ወቅቱን መምረጥ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የእግር መንገዱ ያንሸራትታል፣ ገባር ወንዞቹም ይሞላሉ። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት ቆላው እንደ ምጣድ ይግላል። ጥቅምትና ኅዳር አገሩ ያምራል፣ ሰማዩም ይጠራል፤ ነገር ግን የወባም የአጨዳም ጊዜ ነው። አዝመራ ሳይሰበሰብ የሚመጣ እንግዳ ባለቤቶቹን ከሥራ ያስፈታል። በእኛ ግምት ጥሩው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው፤ ማሽላው ገብቷል፣ ሌሊቱም ለእንቅልፍ ይመቻል። እስከ ገና ጾም መሆኑን ግን አትርሱ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ስለሆነ ቀኑን ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ወዳጃችሁን ሌላ ሰው ሰርግ ቤት ታገኙታላችሁ።

ስልክ ሳይደውሉ መነሳት የለም። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ፤ በሸዋ በኩልም ከፍቼ ወዲያ ያለው መንገድ በስጋት የሚታለፍበት ጊዜ ነበር። ሬዲዮ ከሚለው ይልቅ በቦታው ያለ ሰው ያውቃል። ወዳጃችሁ «ይቆይ» ካለ ይቆይ። ጉዞው ሁሉ በቀን ብርሃን ይሁን፤ መታወቂያም አይለያችሁ። ቆላው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ወዳጃችሁ ስልኩን የሚከፍትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ጊዜ ማታ ከብት ካገባ በኋላ ነው።

ስጦታ በኪሎ ይታሰባል፤ የሚሸከመው ሰው ወይም አህያ ነውና። ለአንድ ቤተሰብ 2 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ 3 ኪሎ ስኳር፣ 3 ሊትር ዘይት፣ አሥር ፍሬ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ፣ አንድ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ቢያዝ ያስከብራል። ቡናው ጥሬ ይሁን፤ የተፈጨ ቡና ይዞ መሄድ ባለቤቷን ከነጀበናዋ መናቅ ይመስላል፤ መቁላቱ ራሱ የአቀባበሉ አካል ነው። ዳቦና ኬክ ቆላ ሲወርድ ይሻግታል፤ ተዉት።

መኪናውን በተመለከተ የፍሬን ሸራው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውሃና ትርፍ ጎማው ይታዩ። የፍሬን ዘይት ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት፤ ምክንያቱ ሁለተኛው ቀን ላይ ይመጣል። ነዳጅ ከአዲስ አበባ ሙሉ ይሁን፤ በየከተማው ሰልፍ አለ። ክፍያውም እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ መክፈያ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ከነገንዘባችሁ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ፍቼ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ይወጣል። እስከ ጫንጮ ያለው መንገድ የከባድ መኪና ነው፤ ከደርባ በኩል ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች እዚያ ይገቡበታል፤ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ቀድሞ ለማለፍ አይታገሉ። ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ በለሚ አድርጎ ጀማ ወንዝ ወርዶ ዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ ይወጣል፤ እሱም የሸለቆ አገር ነው፤ ግን የሌላ ጊዜ ነው።

100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ አለ። ከዚያ ወደ ገዳሙ የሚወርደው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ቁልቁለት ነው፤ ለነገው ማርሽ መለማመጃ ይሆናል። ወር በገባ በ24፣ ከሁሉም በላይ በታኅሣሥ 24፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ስለሆነ መንገዱ በአውቶቡስ ይሞላል፤ መሳለም ካልሆነ ዓላማችሁ ሌላ ቀን እለፉ። በግንቦት 1929 በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፉት የገዳሙ መነኮሳት ታሪክም ከዚህ ቦታ አይነጠልም።

ከገዳሙ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ የፖርቱጋል ይሁን እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ጭላዳ ማየት የሚፈልግ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ጠዋት ሣር ለመጋጥ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። አታብሏቸው። አንዴ ከሰው እጅ የለመደ የሚቀጥለውን መንገደኛ ቦርሳ ይነጥቃል።

ማደሪያው ፍቼ ነው። 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ ማደር ለሚቸኩል ሰው ስንፍና ይመስለዋል፤ ዳሩ በረሃውን በጠዋት ብርሃን፣ ባልደከመ ሹፌር፣ በቀዘቀዘ ሞተር ማቋረጥ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቀን 2፦ ከፍቼ ደጀን፣ በረሃውን ማቋረጥ

ከፍቼ እስከ ጎሐ ጽዮን ሜዳማ ነው፤ ገርበ ጉራቻን፣ ቱሉ ሚልኪን አልፎ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይደረሳል። ጎሐ ጽዮን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድልድዩ ያለው ወደ 1,100 ሜትር ላይ። 20 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ 1,400 ሜትር ይወረዳል፤ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚጨምር ከላይ 18 የነበረው ከታች 27 ይሆናል። ከዚያ እንደገና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። ጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሁለት ሰዓት መድቡለት።

ከመውረድ በፊት ጎሐ ጽዮን ላይ ቆማችሁ ጎማውን በእግር መታ መታ ማድረግ አይበቃም። ሞተሩ እየሠራ የፍሬኑን ፔዳል ሦስት ጊዜ ረግጣችሁ ያዙት፤ ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ መውረድ የለም። ካልወረደ ተነሱ፤ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፣ ማለትም በሁለተኛ፤ ጭነት ካለ በአንደኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤል ወይም 2 ላይ አድርጉት። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሁን፤ ፍሬን ኩርባ ሲቀርብ ጠንከር ተደርጎ ተረግጦ የሚለቀቅ ነው እንጂ እስከ ታች ድረስ እግር የሚያርፍበት አይደለም።

እግር ሲያርፍበት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሸራው ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። የባሰው ፔዳሉ ወደ ታች ሲሰምጥ ነው። የፍሬን ዘይት በቆየ ቁጥር ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እግራችሁ የሚጨምቀው ያንን እንፋሎት ነው፣ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ሽታው እንደመጣ ማርሽ ቀንሱ፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ጠርዝ ያዙ፣ ቁሙ። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስትነሱ ደግሞ ድንጋዩን አንሱት! መንገዱ መሃል ተትቶ የቀረ ድንጋይ ከኩርባ በኋላ ለሚመጣው ሚኒባስ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ግን በዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ አለ።

መንገዱ ራሱ ለምን እንደሚፈርስ ገደሉን አይቶ ማወቅ ይቻላል። አፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ከሥሩ ነጣ ግራጫ ያለው የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ይመጣል። ከኖራው ሥር ጂፕሰምና ሸክላ አዘል ስስ አለት የተነባበረበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ የሥነ ምድር ሰዎች ይህን ንብብር በከተማዋ ስም ጎሐ ጽዮን ብለው ነው የሚጠሩት። ከሁሉም በታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ለስላሳው ክፍል ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይንሸራተታል፤ ከላዩ የተነጠፈው አስፋልት እንደ ማዕበል ይጠቀለላል። ስለዚህ መንገዱ የተበላሸው «ባለመሠራቱ» ነው የሚለው ሁሌ እውነት አይደለም፤ ተሠርቶም ተራራው ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በላይ አትሂዱ፤ ማዕበሉ መሪ ያስለቅቃል።

ፍልቅልቅ በሚባለው ቦታ አካባቢ ሰፊ የመንገድ ዳር ካገኛችሁ አንዴ አሳርፉት። ከጎማው አጠገብ፣ ሳትነኩ፣ መዳፋችሁን አስጠጉ፤ የአንዱ ጎማ ሙቀት ከሌሎቹ በግልጽ ከበለጠ ያ ጎማ ጋ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ደጀን ላይ ጋራዥ ይታይ።

ታች ያለው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ይታያል። ድልድዮቹ ጥበቃ ስላላቸው ላያቸው ላይ መቆምም ፎቶ ማንሳትም ጣጣ ያመጣል፤ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጎ ማለፍ ነው።

ዳገቱ ላይ የሚፈተነው ራዲያተሩ ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፉ፤ የሙቀት መርፌው ከመሃል ካለፈ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ ክፈቱ፤ ላብ ያጠምቃል እንጂ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ቁሙ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። የራዲያተር ክዳን ትኩስ እያለ አይከፈትም። ጭነት ይዞ ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ ስጡ፤ እሱ ከቆመ መነሳት ይቸግረዋል።

ደጀን ከደረሳችሁ አጥር ግቢ ያለው ሆቴል ያዙ፤ መኪናው ለአራት ሌሊት እዚያ ይቆማል። መንገድ ዳር ጥሎ መውረድ አይመከርም።

ቀን 3፦ ቁልቁል በእግር

መሪ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ወዳጃችሁ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል። ምክንያቱ መጥፋት ብቻ አይደለም። ጥቁሩ ድንጋይና ኖራው እንደ ግንብ የቆሙ ስለሆኑ መውረጃ ያለው ገደሉ በተሰበረበት ቦታ፣ በር በሚባለው፣ ብቻ ነው። በሩን የሳተ ሰው ግማሽ ቀን አፋፍ ለአፋፍ ይዞራል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ጭነቱን አህያ ይያዘው፤ በዚህ ቁልቁለት ከ40 ኪሎ በላይ አትጫኑባት። ዘይቱ በጀሪካን፣ ስኳሩ በሁለት ፌስታል ይሁን። ለሰው ዱላ ግድ ነው፤ መውረድ የሚጎዳው ጉልበትን ነው፤ ዱላ ግማሹን ወደ ክንድ ያዛውራል። የእግር ጥፍር ካልተቆረጠ የጫማው አፍንጫ እየመታ ያጠቁረዋል። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ይበቃል። 900 ሜትሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ቅርብ ነው፣ ይቺው ናት» ሲባል አትመኑ፤ ያገሬው ሰው የሚለካው በራሱ እግር ነው። «ፀሐይ የት ስትደርስ እንገባለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ልክ ይሆናል።

ጤፉ ላይ ይቀርና ማሽላ ይተካል። ማሳው መሃል ከፍ ብሎ የተሠራው ማማ የልጆች ነው፤ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠበቀው ከዚያ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ነው። አዝመራው ካልተነሳ በማሳው ዳር ስታልፉ ድምፃችሁን አሰሙ፤ ወንጭፍ ሰው አይመርጥም።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ውሻ ስላለ ዘሎ መግባት የለም። «እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች!» ተብሎ ይቆማል። የእግር ውሃ ይመጣል፤ «ኧረ አይገባም» ማለት ደግ ነው፣ እስከ መጨረሻ እምቢ ማለት ግን ነውር። ስጦታው ለቤቱ እመቤት በጓዳ በኩል ይሰጣል እንጂ ሰው ፊት ተዘርግቶ አይቆጠርም። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ይመጣል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ይቀርባል፤ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እየተባለ ይደገማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ቀነስ አድርጎ መብላት ብልህነት ነው፤ ሦስተኛው ዙር መምጣቱ አይቀርም።

ጠላው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚጠመቅበት ውሃ ሁሌ አይፈላም፤ ሆዱ ያልለመደ ሰው ቀመስ አድርጎ ጽዋውን በእጁ ይዞ መቆየት ይችላል፤ ማንም አያፈጥበትም። ቡና ግን እስከ በረካ ይጠጣል፤ የፈላ ነው።

ቀን 4፦ ቆላ ውሎ

ይህ ቀን የወዳጅ ነው፤ መርሐ ግብር አያስፈልገውም። ሊታወቅ የሚገባው ግን የውሃ ጉዳይ ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ ከምንጩ በሴት ልጅ ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ሦስት እንግዶች ግቢ ውስጥ ገላ ሲታጠቡ ያቺን ሰዓት ያፈስሳሉ። ልብስም ገላም እነሱ በሚታጠቡበት ወንዝ ይሁን፤ ስትመለሱ አንድ ጀሪካን ይዛችሁ ግቡ። «ኧረ ተዉ» ይባላል፤ አትተዉ።

የሚጠጣውን አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት፤ ጭቃ ያለበት ውሃ መድኃኒቱን ይበላዋል።

ወደ አባይ ለመውረድ የሚመኝ ሰው ብቻውን አይሂድ። አዞና ጉማሬ አለበት፤ ዳር የሚረገጠው የሰፈሩ ሰው ከብት የሚያጠጣበት ቦታ ብቻ ነው። ረጋ ባሉት ትናንሽ ገባሮች ውስጥ ደግሞ መቆየት ለቢልሃርዚያ ይዳርጋል። ሰማዩ እላያችሁ ላይ ጠርቶ እንኳ በደጋው በኩል ከጠቆረ ከደረቅ ወንዝ ውጡ፤ ደራሽ የሚመጣው ከላይ በዘነበው ነው። ውሃው ድንገት ሲደፈርስና ቅጠል ሲያመጣ ጊዜ የላችሁም።

ሌሊት ቤቱ ስለሚሞቅ ብዙ ሰው ውጭ ያድራል። የራሳችሁን አጎበርና አራት ገመድ ያዙ፤ ጫፉ ከቁርበቱ ሥር ይጠቅጠቅ፤ ክንድ አጎበሩን ተደግፎ ካደረ ትንኟ በቀዳዳው ትበላለች። ጫማ ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ አለ።

ቀን 5፦ ዳገቱ

ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የኖራው ግድግዳ ፀሐዩን መልሶ ፊት ላይ ይተፋል፤ ያን ክፍል ሳይግል ማለፍ ነው። ጤነኛ ሰው ያለ ጥድፊያ በሰዓት 250 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፤ 900 ሜትሩ አራት ሰዓት መሆኑ ነው። በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ውሃ፣ ቆሎ፣ አንድ ሁለት ፓኮ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ጨው) ያዙ። ውሃ ብቻ እየጠጡ ማላብ ጨው ያሳጣል፤ ራስ ምታትና የእግር መሸማቀቅ ይከተላል። ላቡ የቆመ፣ ቃሉ የተምታታ ሰው ካለ ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሱን አርጥቡት፤ በዚያ ሰዓት ወደፊት መግፋት አደጋ ነው። አረቄ ጠጥቶ መውጣት አይሞከርም፤ ለስንብት ከቀረበ ለሸኚው ይተላለፍ።

ስንብቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ባለቤቱ እስከ በሩ ግማሽ ሊሸኝ ይችላል። ብር ለእሱ መስጠት ያስቀይማል፤ ለልጆቹ «የደብተር መግዣ» ተብሎ ሲሰጥ ያልፋል። አህያው ባዶ አይወጣም፤ ማር ወይም ማሽላ ተጭኖለት ታገኛላችሁ። መመለስ የለም፤ ተቀበሉ።

ደጀን ከገባችሁ ያን ቀን አትንዱ። አራት ሰዓት ዳገት የወጣ እግር ፍሬን ላይ ይዘገያል።

ቀን 6፦ መመለስ

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የፍሬን ዘይቱንና ውሃውን ተመልክታችሁ ያንኑ በረሃ በተቃራኒው ማቋረጥ ነው። አሁን ቁልቁለቱ የደጀኑ ወገን ነው፤ ሕጉ አይለወጥም። ደጀን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 ሰዓት የተነሳ ሰው ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል።

የወባ ትኩሳት ከተነከሱ ከሰባት ቀን ወዲህ አይጀምርም፤ ከዚያ በላይ ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት ብርድ ብርድ ካላችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም አስመርምሩ፤ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ወባን ላይጠረጥር ስለሚችልም ገና ስትቀመጡ «አባይ በረሃ አድሬ ነበር» በሉት።